የዜማ ዘር እንዴት ይቆጠራል? የኬቤክን «የተሰቀለው ሰው ሪል» ይዘን እንሞክር

የአክስቴ ልጅ ሞንትሪያል ነው የምትኖረው። አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት የማታ ተረኛ ናት። አንድ ቀን ጠዋት፣ ገና ሱቅ ሳይከፈት፣ በቴሌግራም አንድ ድምፅ ላከችልኝ። ሁለት ደቂቃ ከምናምን ነው። መጀመሪያ ወንበር ሲንሲጠጥ ይሰማል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር ይላሉ። ከዚያ የቫዮሊን ክሮች በጣት ተራ በተራ ይነካሉ፤ ክራር የሚቃኝ ሰው ነበር የመሰለኝ። ቀጥሎ ደጋኑ ገባ፣ ከሥሩ ደግሞ ከበሮ የሚመስል የእግር ድምፅ አለ፣ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። እህቴ ከድምፁ በታች የጻፈችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይሄ ዜማ ከየት እንደመጣ ፈልግልኝ፣ ስሙ ሪል ዱ ፓንዱ ነው ብለውኛል።»

እኔ አዳማ ቫዮሊን አስተምራለሁ፣ ሰርግም እሠራለሁ። ሞንትሪያል ስላለችበት ስለ ኬቤክ፣ ፈረንሳይኛ ስለሚነገርበት የካናዳ ክፍለ ሀገር ሙዚቃ የማውቀው ነገር አልነበረም። ፍለጋው አራት ወር ፈጀብኝ፣ ግማሹን ጊዜ ያጠፋሁት በተሳሳተ በር እየገባሁ ነው። ስለዚህ መንገዱን ልጻፍላችሁ። የናንተ ዜማ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ የአየርላንድ ይሁን የወላይታ፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

መጀመሪያ ድምፁን ሙሉውን ያዙ

ሰው ዜማ ሲልክላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ቆርጦ ነው የሚልከው፣ «ዋናው ቦታ» ብሎ የሚያስበውን ብቻ። ከፊትና ከኋላ ያለውን ወሬ ጭምር ጠይቁ። እኔ ያንን የወንበር ድምፅና የሽማግሌውን ንግግር ባላገኝ ኖሮ ተቀምጠው እንደሚጫወቱ አላውቅም ነበር፣ መቀመጣቸው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ለላከው ሰው ጥያቄ ስትልኩ አጭር ይሁን። እኔ የጠየቅኩት፦ ከማን ተማሩት? ሌላ ስም ያውቁለታል? ሲጫወቱት ሰው ይጨፍራል ወይስ ዝም ብሎ ይሰማል? መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። ከአባታቸው ነው የተማሩት፣ ሌላ ስም አያውቁም፣ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚሰማው።

ከዚያ ዜማውን በጉሮሯችሁ ያዙት። ይሄን ምክር አትዝለሉት። ሳታንጎራጉሩት የማታውቁትን ዜማ በሌላ ስም፣ በሌላ መሣሪያ፣ በሌላ ፍጥነት ሲመጣ አታውቁትም። እኔ ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት ባጃጅ ውስጥ እያንጎራጎርኩ ነው የከረምኩት።

ስሙን ተርጉሙ፣ ግን አትመኑት

አባዬ ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሰው ነው። የድሮው ባቡር ፈረንሳይኛ ነበር የሚናገረው፤ ለገሃር የምንለው እንኳ «ላ ጋር» ከሚለው የመጣ ነው። ስለዚህ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮውን ሲነካካ ሄጄ «አባዬ፣ ፓንዱ ምንድን ነው?» አልኩት። ቀና ሳይል «የተሰቀለ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ሬዲዮውን ዝቅ አደረገና «ማንን ነው የሰቀሉት?» አለ። እኔም በማግሥቱ ይሄንኑ ጥያቄ ይዤ ጀመርኩ።

«ሪል» ፈረንሳይኛ አይደለም። የስኮትላንድ ጭፈራና የዜማው ዓይነት ስም ነው፣ ፈጠን ያለ፣ እግር የሚያስነሳ። የኬቤክ ሰዎች ቃሉን እንዳለ ወስደው ከፈረንሳይኛ ጋር አጋቡት። በስሙ ብቻ እንኳ ሁለት አገር አለ ማለት ነው። ስትፈልጉ በላቲን ፊደል ነው መጻፍ ያለባችሁ፦ አር፣ ኢ፣ ኢ፣ ኤል፤ ቀጥሎ ዲ፣ ዩ፤ ቀጥሎ ፒ፣ ኢ፣ ኤን፣ ዲ፣ ዩ። በአማርኛ እንደሰማችሁት ከጻፋችሁት የትም አትደርሱም።

አሁን ደግሞ ለምን ስሙን እንዳታምኑት ልንገራችሁ። ይሄው ዜማ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «ሃንግማንስ ሪል» ተብሎ ይገኛል። ሃንግማን ማለት የተሰቀለው ሳይሆን ሰቃዩ ነው! ድንበር ሲሻገር ሟቹ ገዳይ ሆነ። ስሙን ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው ስለ አንድ ጨካኝ ሰቃይ ታሪክ ሊፈልግ ይችላል፣ እኔም ሦስት ቀን እንደዚያ ባዝኛለሁ።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። «ሪል ደ ሳንት አን» የሚባል በጣም የታወቀ የኬቤክ ዜማ አለ። ኬቤክ ውስጥ ሳንት አን የሚባል ቦታ ደግሞ በየአቅጣጫው ነው፣ እኛ አገር ማርያም ሰፈር እንደምንለው። ስለዚህ ስሙ የትኛው መንደር እንደወለደው አይነግራችሁም። በዚያ ላይ ዶን ሜሰር የሚባል ከኒው ብራንስዊክ፣ ከሌላ የካናዳ ክፍለ ሀገር የመጣ ቫዮሊን ተጫዋች በሬዲዮና በቴሌቪዥን አገር ሙሉ አሰራጨው፣ እና እንግሊዝኛ ተናጋሪው ካናዳዊ የራሱ አድርጎ ነው ያደገው። የኛን ትዝታ አስቡ። ትዝታ የዘፈን ስም ነው፣ የቅኝት ስም ነው፣ የስሜትም ስም ነው። «ትዝታን ፈልግልኝ» ያለ ሰው የትኛውን?

ስለዚህ ስሙን አንድ ወረቀት ላይ ጻፉና ወደ ጎን አስቀምጡት። የዜማውን የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ግን በዶ ሬ ሚ አውጡት። ኪቦርድ ላይ በአንድ ጣትም ቢሆን። ዜማዎችን በላቲን ፊደላት የሚጽፉበት ኤቢሲ የሚባል ቀላል አጻጻፍ አለ፣ የአየርላንድና የስኮትላንድ ዜማ የሚሰበስቡ ድረ ገጾች ላይ በዚያ መፈለግ ይቻላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ትማሩታላችሁ። የናንተ ዜማ በሌላ ስም ተቀምጦ ብታገኙት የሚያጋልጠው ይሄ ነው።

ቅኝቱን ሳታውቁ ዘሩን አትቁጠሩ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የተከፈተልኝ እዚህ ነው።

መጀመሪያ ዜማውን በተለመደው የቫዮሊን ቅኝት ነበር የምሞክረው፣ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ። ኖታዎቹ ይገኛሉ፣ ልክ ናቸው፣ ግን ባዶ ነው። የሽማግሌው ቫዮሊን አንድ ክር ሲነካ ቤቱ በሙሉ የሚያስተጋባ ይመስላል፣ የኔ ግን ደረቅ እንጨት። ሁለት ሳምንት ስህተቱ ጣቴ ላይ መስሎኝ ስለማመድ ከረምኩ። አንድ ቀን ያቺን መግቢያዋን፣ በጣት የሚነኳትን አራት ክሮች፣ ብቻዋን ቆርጬ ደጋግሜ ሰማሁ። ሶል ሬ ላ ሚ አይደለችም! ላ፣ ሚ፣ ላ፣ ዶ ሻርፕ (ከዶ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለችው) ናት።

የኬቤክ ተጫዋቾች ይሄን ዜማ ለመጫወት ቫዮሊኑን ራሱን ይለውጡታል። ክራር የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ስትሄዱ ክራሩን ትቃኙታላችሁ እንጂ ጣታችሁን አታስጨንቁም። ቫዮሊን በትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ግን ቅኝቱ የማይነካ ነገር ይመስለናል። እኔም የክራር አገር ልጅ ሆኜ ይሄን አለማሰቤ እስካሁን ይቆጨኛል።

መሞከር ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ። ቀጭኗን ሚ መጀመሪያ አላሏት፣ አንድ ተኩል ድምፅ ወርዳ ዶ ሻርፕ ላይ ትቁም። ይሄን ያስቀደምኩት መሣሪያው ላይ ያለው ውጥረት መጀመሪያ እንዲቀንስ ነው። ላ ባለችበት ትቆይ። ከዚያ ሬን አንድ ሙሉ ድምፅ ወደ ሚ ውሰዷት፣ በመጨረሻ ወፍራሟን ሶልን ወደ ላ። ሁለቱን ላዎች አብራችሁ ግዘግዟቸው፤ አንዷ የሌላዋ ታናሽ እህት ሆና እስክትሰማ፣ መሃላቸው የሚንቀጠቀጥ ነገር እስኪጠፋ ድረስ። አሁን እንደገና ከመጀመሪያ ፈትሹ፣ አንዷን ስትነኩ ሌሎቹ መንሸራተታቸው አይቀርም። ብርኩማዋንም እዩ፣ ክር ሲወጠር ጫፏ ወደ እጀታው መዘንበል ትወዳለች፣ በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አቃኗት። መቃኛው የሚያንሸራትት ከሆነ ትንሽ የሰሌዳ ጠመኔ ቀቡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ያረጀ ክር ላይ ይሄን አትሞክሩ። እኔ ሚያዝያ ላይ፣ አዳማ ቀትር ላይ ሙቀቷን ታውቃላችሁ፣ አዲስ ነው ተብሎ የተሸጠልኝን ክር ሬ ላይ አድርጌ ስስበው ሁለት ጥምዝ ሳልጨርስ ተበጠሰና እጄን ሸነተረኝ። ተጠቅልሎ ሲመጣ አዲስ ይመስላል፣ ግን የታሰረበት ጫፍ ላይ ዝገት ነበረው። ክር ስትገዙ ፈትታችሁ በጥፍራችሁ ሂዱበት፣ ሻካራ ከሆነ መልሱት። ሌላ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ።

ሲሳካ ግን፣ ወይ ጉድ። ጣት ሳታሳርፉ፣ ክሮቹን እንዲሁ ብትነኳቸው ራሱ የሚያምር ስምምነት ነው የሚወጣው። ደጋኑ ማንኛዋም ላይ ቢያርፍ ጎረቤቷ አብራ ታቃስታለች። ያን ማታ አባዬ ከበረንዳው ተነስቶ መጥቶ በር ላይ ቆመ። ምንም አላለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የጣት ቦታ ይለወጣል። የለመዳችሁት ቦታ ላይ ስትጫኑ ሌላ ድምፅ ነው የሚወጣው፣ በተለይ ቀጭኗ ክር ላይ። በኖታ ሳይሆን በጆሮ ሂዱ።

«ይባላል» እና «ተጽፏል» የሚል ሁለት ገጽ ክፈቱ

አሁን ወደ አባዬ ጥያቄ። ማንን ነው የሰቀሉት?

የሚተረከው እንዲህ ነው። ሞት የተፈረደበት ሰው ነበር። ገመዱ ፊት ቆሞ ሳለ ቫዮሊን ይሰጡታል፣ ነክቶ የማያውቀውን፣ ያውም ቅኝቱ የተበላሸ። «በዚህ ዜማ ካወጣህ ነፃ ትወጣለህ» ይሉታል። ክሮቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካ ነካ ያደርጋል። ከዚያ ደጋኑን ያሳርፋል፣ መጀመሪያ ይደናበራል፣ ቀስ በቀስ ይይዝለታል፣ በመጨረሻ ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ያንቆረቁረዋል። ነፃ ወጣ። ተራኪ ሲለወጥ ዝርዝሩ ይለወጣል። አንዱ ጋ ሰውየው የመጨረሻ ምኞቱን ጠይቆ ነው፣ ሌላው ጋ ውርርድ ነው።

ደብተራችሁን ሁለት ቦታ ክፈሉት። በአንዱ ገጽ «ይባላል»፣ በሌላው «ተጽፏል»። ይሄ ሙሉው «ይባላል» ስር ነው የሚገባው። የሰውየው ስም የለም፣ ከተማው የለም፣ ዳኛው የለም፣ ቀኑ የለም።

ለማነጻጸር የስኮትላንዱን ጄምስ ማክፈርሰንን ውሰዱ። ሽፍታ ነበር፣ ቫዮሊን ይጫወት ነበር፣ ባንፍ በምትባል ከተማ ኅዳር 1700 ተሰቀለ፣ ፍርዱ ተመዝግቧል። ይሄ «ተጽፏል» ነው። ከመሰቀሉ በፊት ዜማ ተጫውቶ ቫዮሊኑን ሰበረው የሚለው ግን «ይባላል» ነው። አያችሁ? አንድ ሰው እንኳ ሁለት ገጽ ላይ ይከፈላል። ኬቤክ ውስጥ የስኮትላንድ ደም ስላለ ሁለቱን ታሪኮች አንድ ነው ማለት ያምራል፣ እኔ ግን የሚያገናኛቸው ወረቀት ሳይገኝ አላገናኛቸውም። የማክፈርሰን ዜማ ሌላ ነው፣ መጨረሻውም ሌላ ነው፤ እሱ ሞተ፣ የኛው ዳነ።

«ይባላል» ያልነውን ግን አትጣሉት። ታሪኩን ይዛችሁ መልሳችሁ ዜማውን ስሙት። ተበላሸ የተባለው ቅኝት ላ ሚ ላ ዶ ሻርፕ ነው፣ ቫዮሊን ለለመደ ጆሮ በእርግጥ «የተበላሸ» ነው። መጀመሪያ በጣት የሚነኩት ክሮች መሣሪያ የማያውቅ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። ከዚያ የሚደናበር የሚመስለው፣ ከዚያ እየፈጠነ እየሞላ የሚሄደው፣ ሁሉም ታሪኩ ውስጥ አለ። በዚህ ቅኝት ደግሞ እውነትም የማያውቅ ሰው ቢነካው የሚያምር ድምፅ ይወጣል! የኔ ግምት ታሪኩ ከዜማው በኋላ እንደመጣ ነው፤ ይሄን እንግዳ ቅኝትና እንግዳ መግቢያ ለልጆች ለማስረዳት የተወለደ ይመስለኛል። ዜማውን የሚያስታውስ ሰው ታሪኩን ያስታውሳል፣ ታሪኩን የሚተርክ ሰው ዜማውን አይረሳም። ግምቴ መሆኑን ደብተሬ ላይም ጽፌዋለሁ።

እግሩን ስሙት

ያን እግር አትርሱት። ሽማግሌው ተቀምጠው ነው የሚጫወቱት፣ ሁለቱም እግራቸው ደግሞ ወለሉን ይመታል፣ በተረከዝና በጣት እየተፈራረቀ። ፖዶሪትሚ ይሉታል። የኬቤክና የአካዲ (በምሥራቅ ካናዳ ያለ ሌላ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አካባቢ) ተጫዋቾች ዋነኛ ምልክት ነው። ዜማው ስኮትላንዳዊ ሊመስል ይችላል፣ ያ እግር ከተሰማ ግን ቢያንስ ያ ተጫዋች የት እንዳደገ ታውቃላችሁ።

ምክንያቱን ለመረዳት ቤቱን አስቡት። ክረምቱ ወራት የሚቆይ በረዶ ነው። ሰው የሚሰበሰበው ምድጃ ባለበት ማድ ቤት ነው፣ ይሄን የማታ ስብስብ ቬዬ ይሉታል። ጠረጴዛና ወንበር ይገፋል፣ አንድ ቫዮሊን ብቻ አለ፣ ቪዮሎኑ የሚሉት የመንደሩ ተጫዋች ጥግ ላይ ይቀመጣል። ከበሮ የለም። ሃያ ሰው እየጨፈረ አንድ ቫዮሊን እንዴት ይሰማል? እግር ወለሉን ሲመታ ግን ምቱ በጣውላው በኩል ወደ ሁሉም ይደርሳል። ማንኪያም ይመቱ ነበር፣ ሁለት ማንኪያ ጀርባና ጀርባ አድርገው ጭናቸው ላይ። ጭፈራውን የሚመራ ካለር የሚባል ሰው አለ፣ ቀጥሎ የሚደረገውን በዜማ እየጠራ ያሳውቃል። እኛ አውራጅ የምንለው ዓይነት ነው፣ ልዩነቱ ተቀባዮቹ በአፍ ሳይሆን በእግር መቀበላቸው ነው።

ለመሞከር ጠንካራ ጫማና ጣውላ ይፈልጋል። የኔ ቤት ሲሚንቶ ስለሆነ አሮጌ የበር ሳንቃ መሬት ላይ አጋድሜ ነው የተለማመድኩት። ከደጋኑ ጀምሩ፣ እግሩን ኋላ ጨምሩ። አንድ ላይ ለመጀመር ከሞከራችሁ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ስትቆጥሩ ካጠረባችሁ አታርሙት

የተለመደው ሪል ሁለት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ ስምንት ሜዠር (እኩል የምት ክፍፍል)፣ እያንዳንዱ ሁለቴ፣ በድምሩ 32። ለጭፈራ የተመቸ ነው። እያጨበጨባችሁ ቁጠሩት። ካልሆነላችሁ፣ አንዷ ቦታ ምት ከጎደለ ወይም ከተረፈ፣ ስህተት ነው ብላችሁ አታስተካክሉ። ኬቤክ ውስጥ እንደዚህ ያሉ ዜማዎች ሞልተዋል፣ «ጠማማ» ነው የሚሏቸው፣ ይኮሩባቸዋልም። ጠማማዋ ቦታ ለኛ መታወቂያዋ ናት። ሁለት ተጫዋቾች እዚያው ቦታ ላይ ያው ምት ከጎደላቸው ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

የተሰቀለው ሰው ሪል ደግሞ ከሁለት ክፍል በላይ አለው፣ ቁጥሩም በየተጫዋቹ ይለያያል። ስለዚህ ሠንጠረዥ ሠርቼ የትኛው ተጫዋች የትኛውን ክፍል እንደሚያስቀድም ጻፍኩ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ይሠራል።

የመጣበትን መንገድ ተከተሉ

ዜማ ብቻውን አይሄድም፣ ሰው ነው የሚሸከመው። ስለዚህ የሰዎቹን ጉዞ እወቁ። ኬቤክ እስከ 1763 የፈረንሳይ ግዛት ነበረች፣ በዚያ ዓመት በፓሪሱ ውል ለእንግሊዝ ተላለፈች። ለእንግሊዝ ከተዋጉት ውስጥ የፍሬዘር ሃይላንደር የሚባሉ ስኮትላንዳውያን ወታደሮች ነበሩ፣ ጦሩ ሲበተን አንዳንዶቹ እዚያው መሬት ይዘው ቀሩ፣ የፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሴት ልጆችም አገቡ። ሪል የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ ምላስ ላይ ያረፈው በእንደነዚህ ዓይነት ቤቶች ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ አይሪሾቹ መጡ። በ1847 ብቻ ረሃብ ያባረራቸው በመርከብ እየተጫኑ ግሮስ ኢል በምትባል ደሴት ለኳራንቲን ይራገፉ ነበር፣ ከ5,000 በላይ ሰው እዚያ ተቀብሯል። የተረፉት ዜማቸውን ይዘው ገቡ።

ከዚያ ደግሞ ወንዶቹ ክረምቱን ጫካ ገብተው ግንድ ይቆርጡ ነበር። ከተለያየ መንደር የመጣ ሰው አንድ ጎጆ ውስጥ ወራት ሲያድር፣ ማታ ማታ ቫዮሊን ይወጣል። የአንዱ መንደር ዜማ ፀደይ ላይ ወደ አሥር መንደር ይመለሳል። እና ከ1840 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ወደ 900,000 የሚጠጉ የካናዳ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ሥራ ፍለጋ ወደ አሜሪካ፣ ብዙዎቹ ወደ ኒው ኢንግላንድ (የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ) የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሄዱ። የኬቤክ ዜማ አሜሪካ ውስጥ ሲገኝ ማን እንደወሰደው ከዚህ በኋላ አትጠይቁም።

ቤተ ክርስቲያንም አለችበት። የኬቤክ ቄሶች ጭፈራን አጥብቀው ያወግዙ ነበር፣ ሰይጣን መልከ መልካም ሰው ሆኖ ጭፈራ ቤት መጥቶ ሮዝ ላቱሊፕ የምትባል ልጅን ያስጨፈረበት አፈ ታሪክ በ1837 በታተመ ልቦለድ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። እኛም ጋ በገና የዳዊት፣ ክራር የሰይጣን ይባል የለ።

ሸክላው ምስክር ነው፣ እናት ግን አይደለም

የዜማ ፈላጊ ትልቁ ስህተት ያገኘውን የመጀመሪያ ሸክላ «መነሻው» ብሎ መዝጋት ነው። ሸክላ የሚነግራችሁ «በዚህ ዓመት እንዲህ ተጫውተውት ነበር» የሚለውን ብቻ ነው። ያውም ተቆርጦ፤ የድሮው፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፣ ማድ ቤት ውስጥ ግን ጨፋሪው እስኪደክም ነው። ሌላም ልብ በሉ፣ ሸክላው ሲቀዳ ፍጥነቱ ትንሽ ከተዛባ ቅኝቱም ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በቁጥር ሳይሆን በክሮቹ መሃል ባለው ርቀት ነው ማነጻጸር ያለባችሁ።

ቢሆንም ሸክላ ሀብት ነው። የካናዳ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ቨርቹዋል ግራሞፎን በሚል ስም የድሮ ቅጂዎችን በነፃ ያስደምጣል። እዚያ ገብታችሁ ዦዜፍ አላርን ፈልጉ፣ ከ1873 እስከ 1947 የኖረ ቪዮሎኑ ነው። ላ ቦልዱክ የተባለችውን ሜሪ ትራቨርስንም አዳምጧት፣ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሕዝቡን ያሳቀች ዘፋኝ ናት፤ አፏ በዘፈን መሃል ምት ሲመታ ትሰሙታላችሁ። አኮርዲዮን ለሚወድ አልፍሬድ ሞንማርኬት አለ።

ከዚያ ወደ ዣን ካሪኛን ኑ። በ1916 የተወለደ ነው፣ ሞንትሪያል ውስጥ ታክሲ እየነዳ የኖረ። በልጅነቱ ከአላር ተማረ፣ የስኮትላንድና የአየርላንድ ታላላቅ ተጫዋቾችን ደግሞ ከሸክላ በጆሮው አጠና። በ1974 የካናዳን ትልቅ የክብር ኒሻን ተቀበለ። የተሰቀለውን ሰው ሪል እሱ ሲጫወተው ስትሰሙ መጀመሪያ ጥቂት ክር፣ ከዚያ ጎርፍ ነው። እኔ የሽማግሌውን ቅጂ ከሱ ጋር መስመር በመስመር አነጻጸርኩ። መግቢያው ይመሳሰላል፣ ሦስተኛው ክፍል ግን ፈጽሞ ይለያል፣ የሽማግሌው አጠር ያለና ጠማማ ነው። ከሸክላ ሳይሆን እውነትም ከአባታቸው ነው የተማሩት ያልኩት በዚህ ነው።

ያገኛችሁትን መልሱ

የመጨረሻው ሥራ ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዜማውን የሰጧችሁ ሰዎች ያገኛችሁትን የመስማት መብት አላቸው። እኔ ሁለቱንም ገጽ፣ «ይባላል» እና «ተጽፏል»፣ ለእህቴ በአማርኛ ጻፍኩላት፣ እሷ በምትችለው ፈረንሳይኛ አነበበችላቸው። አባዬም ሁለት ቃል አርሞላታል በስልክ።

አብሬም ድምፅ ላክሁ። ቫዮሊን አይደለም። ከጓደኛዬ ክራር ተዋስኩና አራቱን ክሮች ላ ሚ ላ ዶ ሻርፕ ቃኘሁት፣ አምስተኛዋን አላልቼ ተውኳት፣ ያቺን መግቢያ ብቻ ደጋግሜ ደረደርኩ።

ከሦስት ቀን በኋላ መልስ መጣ። ወንበሩ ሲንሲጠጥ፣ ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ፣ ከዚያ እህቴ እየሳቀች ስትተረጉም፦ «አምስተኛዋን ምን ላይ ነው የምትቃኟት? ይላሉ።»